የቆመ እንስሳ ሁሉ ጤነኛ አይደለም፦ ስለ ሻጋታ መርዝና ስለ አሳማ ደም ለተጻፈው ጽሑፍ የተሰጠ ምላሽ

ሰሞኑን «የአሳማ ደም ለእኛ ምናችን ነው?» የሚል ጽሑፍ ባሕር ዳርና አካባቢዋ ከብትና ዶሮ በሚያረቡ ሰዎች መካከል ሲዘዋወር ቆይቶ እኔም እጅ ገባ። ጽሑፉ የሚለው በአጭሩ እንዲህ ነው፦ ቲ-2 የተባለው የሻጋታ መርዝ የአሳማን ደም ይጎዳል የሚሉት ጥናቶች እኛን አይመለከቱንም፤ በጥናቶቹ የታየው የደም መቀነስም አሳማዎቹ መኖ እምቢ ብለው በመራባቸው እንጂ በመርዙ የመጣ አይደለም፤ በእኛ አካባቢ የገረጣ እንስሳ ቢታይ ምክንያቱ ትል ወይም የብረት እጥረት ነው፤ ሻጋታ በቆሎ በልቶ የወደቀ እንስሳ አላየንም፤ እህሉ ፀሐይና እሳት ካገኘውም መርዙ ይጠፋል፤ ስለዚህ ክረምት ያበላሸውን በቆሎ ከመጣል ለእንስሳት መስጠት ይሻላል። ጸሐፊው ይህን የጻፉት ገበሬው የለፋበት እህል በከንቱ እንዳይቀርበት አስበው መሆኑን አልጠራጠርም። ሆኖም ምክራቸው ሥራ ላይ ቢውል ቀድሞ የሚጎዳው ያው ሊጠቅሙት ያሰቡት ሰው ነውና፣ በእንስሳት ሕክምና ላይ ዓመታት የቆየሁ ሰው እንደመሆኔ ጽሑፉን በዝምታ ማለፍ አልቻልኩም።

አስቀድሞ ስለ ምን እንደምንነጋገር ግልጽ ይሁን። ቲ-2 ፉሳሪየም የሚባሉ ሻጋታዎች የሚያመርቱት መርዝ ነው። እነዚህ ሻጋታዎች ቀዝቃዛና እርጥበት ያለበት አየር ይስማማቸዋል፤ በቆሎን፣ ስንዴን፣ ገብስንና አጃን ገና ከማሳ ጀምረው ይይዛሉ፤ በደንብ ሳይደርቅ በተከተተ እህል ላይም ይቀጥላሉ። መርዙ ወደ ሰውነት ሲገባ ራይቦዞም የተባለውን፣ በሕዋስ ውስጥ ፕሮቲን የሚገጣጠምበትን ክፍል፣ ይዞ ሥራውን ያስቆመዋል። ፕሮቲን መሥራት ያቃተው ሕዋስ ደግሞ መባዛት አይችልም። ስለዚህ ቀድመው የሚመቱት ሌት ተቀን ያለ ዕረፍት የሚባዙት ሕዋሳት ናቸው፤ እነርሱም የአንጀት ሽፋን፣ የሰውነት መከላከያ ሕዋሳት የሚገኙባቸው ዕጢዎች፣ ከሁሉም በላይ ደግሞ ደም የሚሠራበት የአጥንት መቅኔ ናቸው። አሳማ ከቤት እንስሳት መካከል ለዚህ መርዝ እጅግ ስስ ከሆኑት አንዱ ነው።

ጸሐፊው በመጀመሪያ «ክርስቲያኑም ሙስሊሙም አሳማ በማይበላበት አገር የአሳማ ጥናት ለማን ይጠቅማል?» ብለው ይጠይቃሉ። መልሱ ለሰው ይጠቅማል ነው። የዓለም የምግብና እርሻ ድርጅትና የዓለም ጤና ድርጅት በጋራ ያቋቋሙት የባለሙያዎች ኮሚቴ እ.ኤ.አ. በ2001 አንድ ሰው በቀን ምን ያህል ቲ-2 እና የእርሱ ዘመድ የሆነውን ኤችቲ-2 ቢወስድ እንደማይጎዳ ሲወስን፣ መነሻ ያደረገው በአሳማዎች ላይ ለ3 ሳምንት የተካሄደን የመኖ ሙከራ ነው። በዚያ ሙከራ ለአሳማዎቹ ከተሰጠው መጠን ዝቅተኛው በአንድ ኪሎ መኖ ውስጥ ግማሽ ሚሊግራም ብቻ ነበር፤ ይህም በአንድ ኪሎ የሰውነት ክብደት በቀን 29 ማይክሮግራም ገደማ ይሆናል። በዚህች መጠን እንኳ የነጭና የቀይ የደም ሕዋሳት ቁጥር ተዛብቶ ተገኘ። ኮሚቴው ይህን ቁጥር ለጥንቃቄ ለ500 አካፍሎ ለሰው ልጅ በኪሎ ክብደት 0.06 ማይክሮግራም የሚለውን ወሰን አወጣ። 60 ኪሎ ለሚመዝን ሰው በቀን 3.6 ማይክሮግራም ማለት ነው፤ ይህ በዓይን ሊታይ የማይችል መጠን ነው። በኋላም የአውሮፓ የምግብ ደኅንነት ባለሥልጣን እ.ኤ.አ. በ2017 ወሰኑን ወደ 0.02 ሲያወርደው፣ መነሻው አሁንም በአይጦች ላይ የታየ የነጭ ደም ሕዋሳት መቀነስ ነበር። የአሳማ ሥጋ በገበታችን ላይ አለመቅረቡ ይህን አይለውጠውም፤ አሳማው የበላው በቆሎ የእኛም እህል ነው።

«ይህ የውጭ አገር ወሬ ነው» ለሚለውም፣ በጣና ዳር የሚኖር ሰው እህል ውስጥ ያለ መርዝ ምን እንደሚያደርግ ከማንም አስቀድሞ ያውቃል። በደንቢያና በፎገራ ሜዳ ሌላ አዝመራ ሲጠፋ ጓያን ያለ ልክ የበሉ ወጣቶች እግራቸው ታስሮ በምርኩዝ ሲሄዱ ያላየ ሽማግሌ ጥቂት ነው። በወሎም እ.ኤ.አ. በ1977 እና 1978 ከገብስና ከሲናር ጋር የተቀላቀለ ኤርጎት የተባለ የፈንገስ መርዝ የሰዎችን እግር እስከማድረቅና እስከመቁረጥ አድርሷል። የጓያውም የኤርጎቱም መርዝ ሥራው ከቲ-2 የተለየ ነው፤ አንዱ ነርቭን ሌላው የደም ሥርን ይመታል። ያነሳኋቸው እህል መርዝ ሊይዝ ይችላል ማለት ከውጭ የመጣ ማስፈራሪያ አለመሆኑን ለማሳየት ነው።

ሁለተኛው ነጥብ ከሁሉም ይልቅ ቁም ነገር ያለው ነው። ጸሐፊው «ቲ-2 ያለበት መኖ የቀረበለት አሳማ መኖውን ይተዋል፤ የተራበ እንስሳ ደሙ ይቀንሳል፤ ታዲያ ጥፋቱ የረሃቡ እንጂ የመርዙ ለምን ይሆናል?» ይላሉ። እውነት ነው፣ አሳማ ይህ መርዝ ያለበትን መኖ ይጠላል፤ ረሃብ መቅኔን እንደሚያደክምም የታወቀ ነው። ሙከራዎችን የሚያነብ ሰው ይህን ጥያቄ ማንሳቱ ተገቢ ስለሆነ፣ ጸሐፊውን በዚህ አመሰግናቸዋለሁ። ጥያቄው ግን መልስ አለው። ተመራማሪዎች ከሰውና ከአይጥ የተወሰዱ የደም መሠረት ሕዋሳትን፣ ማለትም ነጭ የደም ሕዋስ ለመሆን ገና በመንገድ ላይ ያሉትን፣ በብርጭቆ ሳህን ውስጥ አሳድገው እጅግ ጥቂት ቲ-2 ጨምረውባቸዋል። ሕዋሳቱ የሚፈልጉት ምግብ ሁሉ በሳህኑ ውስጥ ነበር፤ መኖ የሚጠላ አፍም የሚራብ ሆድም በዚያ የለም። ሆኖም መባዛታቸውን አቆሙ። ስለዚህ ረሃቡ በመርዙ ላይ ተደርቦ ጉዳቱን ያከብደዋል ቢሉ እስማማለሁ፤ መርዙን ነፃ ያወጣዋል ቢሉ ግን ማስረጃው አይፈቅድም። ገበሬውስ ቢሆን አሳማው የገረጣው በመርዙ ነው ወይስ መርዙ ባመጣው ረሃብ ብሎ መለየቱ ምን ይፈይድለታል? ሁለቱም የመጡት ከዚያው ከረጢት ነው።

ሦስተኛው ነጥብ ስለ ትልና ስለ ብረት ነው፤ በዚህ ላይ ትንሽ ልቆይ፤ ምክንያቱም በየቀኑ የምንሳሳተው እዚህ ላይ ነው። በጣና ዳር የከብት ደም ማነስ ሲታይ መጀመሪያ የጉበት ትልና ገንዲ መጠርጠራቸው ትክክል ነው። የአሳማ ግልገልም ሲወለድ በሰውነቱ የሚይዘው ብረት 50 ሚሊግራም ያህል ብቻ ነው፤ በቀን ወደ 7 ሚሊግራም ይፈልጋል፤ ከእናቱ ወተት የሚያገኘው ግን 1 ሚሊግራም ገደማ ስለሆነ፣ በተወለደ በጥቂት ቀናት ውስጥ የብረት መርፌ ካልተወጋ ይገረጣል። ይህን ሁሉ እቀበላለሁ። ነገር ግን የገረጣ እንስሳ ሁሉ አንድ ዓይነት ደም የለውም። ብረት ያጣ እንስሳ ቀይ የደም ሕዋሳቱ ያንሳሉ፣ ይሳሳሉም፤ ነጮቹ ግን በቦታቸው ናቸው። ትል ደሙን የሚመጠው እንስሳ መቅኔው ጤነኛ ስለሆነ የጎደለውን ለመተካት ይሯሯጣል፤ ገና ያልበሰሉ ቀይ ሕዋሳትን ወደ ደም ሥር ይለቃል፤ እነዚህም በማይክሮስኮፕ ይታያሉ። መቅኔው የተመታ እንስሳ ግን ነጩም፣ ደም የሚያረጋው ፕሌትሌትም፣ ቀዩም ይቀንሳል፤ አዲስ የሚተካ ወጣት ሕዋስም አይታይም። ለዚህ እንስሳ ብረት መውጋት፣ ሠራተኞቹ ታመው በተኙበት ቤት በር ላይ ጡብ እንደመቆለል ነው።

አንድ ያየሁትን ልናገር። በከተማው ዳርቻ ጥቂት አሳማዎች የሚያረቡ አንድ ሰው ከዓመታት በፊት መጥተው «ዶክተር፣ የብረቱን መርፌ ደጋግሜ አስወግቻቸዋለሁ፤ የትሉንም መድኃኒት ሰጥቻለሁ፤ ደማቸው ግን አልመለስ አለ» አሉኝ። ሄጄ ሳይ እንስሳቱ ቆመዋል፤ ግን የድዳቸው ሥጋ ነጭ ሆኗል፤ በአፍንጫቸውና በከንፈራቸው ዙሪያ ቁስል አለ፤ ከጆሯቸው ሥር እንደ ቁንጫ ንክሻ ያሉ ጥቃቅን የደም ነጠብጣቦች ይታያሉ። ደም ወስጄ በቀጭኗ የብርጭቆ ቧንቧ ሞልቼ አሽከረከርኩት። ጤነኛ ደም በዚህ መንገድ ሲሽከረከር ከሥር ቀዩ ይረጋል፣ ከላይ ቢጫው ውኃ ይቀመጣል፣ በሁለቱ መካከል ደግሞ እንደ ክር የቀጠነች ነጭ መስመር ትታያለች፤ ነጭ የደም ሕዋሳትና ፕሌትሌት የሚሰበሰቡት በዚያች መስመር ነው። በእነዚህ አሳማዎች ቧንቧ ውስጥ ቀዩ አንሷል፤ ነጯን መስመር ግን ቧንቧውን ወደ መስኮቱ ብርሃን አስጠግቼም በጭንቅ ነበር የማያት። «ጋሼ፣ ምን እያበሏቸው ነው?» ብዬ ስጠይቃቸው፣ ክረምቱ ሲወጣ በርካሽ የተገኘ፣ ዝናብ የነካው በቆሎ መሆኑን ነገሩኝ። መኖው ተመርምሮ ስላልነበር ጥፋቱ የቲ-2 ነው ብዬ ልምል አልችልም። የማውቀው፣ በቆሎው ከተቋረጠ ከሳምንታት በኋላ ሌላ መድኃኒት ሳይጨመር ያች ነጭ መስመር መመለሷን ነው። ብረቱ ያልመለሰውን የመኖው መለወጥ መለሰው።

አራተኛው «ሻጋታ በቆሎ በልቶ የወደቀ እንስሳ አላየንም» የሚለው ነው። ይህን የሚል ሰው ደም እንዴት እንደሚተካ ቢያስታውስ መልሱን ራሱ ያገኘዋል። ነጭ የደም ሕዋሳት ከሚባሉት አብዛኞቹ በደም ሥር ውስጥ የሚቆዩት ለሰዓታት ነው፤ ፕሌትሌት ለቀናት ይቆያል፤ የአሳማ ቀይ የደም ሕዋስ ግን ሁለት ወር ያልፈዋል። እንግዲህ መቅኔው ዛሬ ሥራ ቢያቆም፣ የዛሬ ሳምንት እንስሳው አሁንም ቀይ ነው፤ ይበላል፣ ይራመዳል። የጎደለው የሚከላከልለት ሠራዊት ነው። ስለዚህ እንስሳው ሲሞት በሳንባ ምች ወይም በተቅማጥ ይሞታል፤ ባለቤቱም «ምች መታው» ወይም «በሽታ ገባ» ይላል እንጂ በቆሎውን አይጠረጥርም። ክትባት ተከትቦም ክትባቱ አልሠራ ያለው እንስሳ ከዚሁ ወገን ሊሆን ይችላል፤ የመከላከያ ሕዋሳቱ ከተመቱ ክትባቱ የሚያስተምረው ማንን ነው?

ይህ በሰውም ላይ ታይቷል። በሶቪየት ኅብረት በኦረንቡርግ አካባቢ በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ዘመን፣ በተለይም እ.ኤ.አ. በ1944፣ ሳይሰበሰብ በረዶ ሥር ከርሞ ጸደይ ላይ የተለቀመ እህል የበሉ ሰዎች በብዛት አለቁ። በሽታው በደረጃ ነበር የሚሄደው። በመጀመሪያ አፍ ይቃጠላል፣ ማስመለስና ተቅማጥ ይመጣል፤ ከቀናት በኋላ ይህ ይተውና ሰውየው ተሻለኝ ብሎ ወደ ሥራው ይመለሳል። ለሳምንታት የሚቆየው ይህ ሁለተኛው ደረጃ ነው አደገኛው፤ ሰውየው ምንም አይሰማውም፤ ደሙ ሲቆጠር ግን ነጭ ሕዋሳቱ ከቀን ወደ ቀን እያለቁ ነው። በዚህ ጊዜ ያን እህል መብላት ያቆመ ይድናል። የቀጠለበት ቆዳው በደም ነጠብጣብ ይሞላል፣ ከአፍና ከአፍንጫው ይደማል፣ ጉሮሮው ይበሰብሳል፤ ነጭ ሕዋሳቱም በጤነኛ ሰው በሺዎች የሚቆጠሩበት ጠብታ ውስጥ ከ1,000 በታች ይወርዳሉ። ከሞት የተረፈውም መቅኔው እስኪያገግም ሁለት ወርና ከዚያ በላይ ይፈጅበታል። በኋላ የተደረጉ ምርመራዎች በዚያ እህል ላይ የነበሩት ሻጋታዎች ቲ-2 የሚያመርቱት የፉሳሪየም ዓይነቶች መሆናቸውን አሳይተዋል። «ቆሟል፣ ስለዚህ ጤነኛ ነው» የሚለው ፍርድ በኦረንቡርግ ስንት ቤት እንደዘጋ ጸሐፊው ቢያስቡበት እመኛለሁ።

ፀሐይና እሳትን በተመለከተ ብዙ መናገር አያስፈልግም። ፀሐይ እህልን ታደርቃለች፤ የደረቀ እህል አዲስ ሻጋታ አያበቅልም፤ ይህ ትልቅ ነገር ነው። አስቀድሞ የተመረተውን መርዝ ግን ፀሐይ አታነሳውም፤ ሻጋታው ተራግፎ እህሉ ነጭ ቢመስልም መርዙ ፍሬው ውስጥ ነው። ስለ እሳቱ፣ ቲ-2 የሆስፒታል ዕቃ በሚቀቀልበት በ121 ዲግሪ ሴንቲግሬድ እንፋሎት እንኳ አይጠፋም፤ ለማጥፋት 260 ዲግሪ ለግማሽ ሰዓት ይፈልጋል። ባሕር ዳር ከባሕር ወለል በላይ 1,800 ሜትር ገደማ ስለሆነች ውኃ የሚፈላው በ94 ዲግሪ አካባቢ ነው፤ ቅቅሉም፣ ንፍሮውም፣ ገንፎውም ከዚያ ብዙ አያልፍም። እንጀራም ምጣዱ ቢግልም ውስጡ ርጥብ እስከሆነ ድረስ ከመፍላት በላይ አይሞቅም። ጠላ መጥመቅም አያድነውም፤ ከተበላሸ እህል የወጣ አተላ ለእንስሳት የሚሰጥ ሰው ይህን ይወቅ።

የመጨረሻው፣ የጽሑፉ ሁሉ መደምደሚያ የሆነው ምክር «ለእንስሳት ስጡት» የሚለው ነው። ጸሐፊው ላምና በሬ ይህን መርዝ ከአሳማ ይልቅ እንደሚችሉት መናገራቸው ትክክል ነው፤ በጨጓራቸው ያሉት ተሐዋስያን ብዙውን ቲ-2 ጉዳቱ ወደሚቀንስ ነገር ይለውጡታል። ይህ ግን ሆዳቸው ገና ላልጎለመሰ ጥጆችና ለዶሮ አይሠራም። በተጨማሪም የተበላሸ በቆሎ አንድ ሻጋታ ብቻ ይዞ አይመጣም። አፍላቶክሲን የተባለው ሌላው መርዝ ላሟ ውስጥ ተለውጦ ወደ ወተቷ ያልፋል። በአዲስ አበባና በዙሪያዋ ተጠንቶ እ.ኤ.አ. በ2016 በታተመ ጥናት ከተመረመሩት 110 የወተት ናሙናዎች ይህ መርዝ ያልተገኘበት አንድም አልነበረም፤ ከመኖዎቹ መካከልም ዋናው ምንጭ የኑግ ፋጉሎ ነበር። ስለዚህ ለላም የተሰጠ ሻጋታ ጠፋ ማለት አይቻልም፤ በሕፃኑ ኩባያ ይመለሳል።

ከደህና በቆሎ ጋር ቀላቅሎ ማሳሳትም መፍትሔ ተብሎ ተጠቅሷል። መርዙ በከረጢቱ ውስጥ እኩል ስለማይሰራጭ፣ አንዱ እንስሳ ምንም ሳይደርሰው ሌላው ሙሉውን ድርሻ ሊያነሳ ይችላል፤ ደህናውም ይበላሻል። ሸክላ አፈር መኖ ላይ ቢጨመር መርዙን ይይዘዋል የተባለውም ለአፍላቶክሲን እውነትነት አለው፤ ቲ-2ን ግን ሸክላ እምብዛም አይይዘውም። የሚረዳው ከዚያ በፊት ያለው ሥራ ነው፦ የተሰባበረውንና የቀለለውን ፍሬ በወንፊት መለየት፣ እና ሳይደርቅ አለመክተት። መድረቁን ለማወቅ ውድ መሣሪያ አያስፈልግም። ደረቅ ንጹሕ ጠርሙስ ወስዶ ሲሶውን በቆሎ፣ ጥቂት ማንኪያ ደግሞ በደንብ የደረቀ ጨው መጨመር፣ ከድኖ ለደቂቃ ማናወጥ፣ ከዚያ 10 ወይም 15 ደቂቃ ማቆየት ነው። ጨው በጠርሙሱ ግድግዳ ላይ ከተለጠፈ የእህሉ እርጥበት ከ15 በመቶ በላይ ነውና ወደ ጎተራም ሆነ አየር ወደማያስገባው ከረጢት መግባት የለበትም፤ ተመልሶ ይሰጣ።

ጸሐፊው በመዝጊያቸው «በእኛ አካባቢ የደረሰ ጉዳት ካለ ማስረጃው ይቅረብ» ብለዋል። ጥያቄው ትክክል ነው፤ እኔም አብሬ እጠይቃለሁ። ማስረጃው የሚጠፋው ግን እኛው በምናደርገው ነው። ከላይ ያነሳኋቸው ሰው «ከበቆሎው የተረፈ አለ?» ብዬ ስጠይቃቸው ትንሽ ዝም ብለው «ለዶሮዎቹ በትኜው አለቀ» አሉኝ። ስለዚህ የገረጣ፣ አፉ የቆሰለ ወይም ያለ ምክንያት የሚደማ እንስሳ ያለው ሰው መኖውን ከመለወጡ በፊት ከየከረጢቱ ከላይ፣ ከመካከልና ከሥር እየዘገነ አንድ ኪሎ ያህል ያቀላቅል፤ በላስቲክ ሳይሆን በወረቀት ከረጢት ያኑረው፤ ቀኑንና የገዛበትን ቦታ ይጻፍበት። ሐኪሙም ደሙን ሐምራዊ ክዳን ባለው ብልቃጥ ወስዶ ቀስ እያለ ደጋግሞ ይገልብጠው፤ በዚያው ቀን በመስታወት ላይ ቀብቶ ያድርቀው፤ ሲያሽከረክረውም ቀዩን ብቻ ለክቶ አያብቃ፤ ከቀዩ በላይ ያለችውን ነጭ መስመር ይመልከት፣ ያየውንም ይመዝግብ።